የሞርስ ፈተናው ይቅር፤ ትምህርቱ ግን አይቅር

አቃቂ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ያማርራል። እኔ ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሆዴ ደስ ይለኛል። ምክንያቱ ሬዲዮ ነው። ቀን ቀን የብየዳው፣ የወፍጮው፣ የፋብሪካው ሞተርና የየቤቱ ርካሽ ቻርጀር ተደማምሮ የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ጆሮ በሚበጥስ ጩኸት ይሞላዋል። መብራት ሲሄድ ያ ሁሉ ጩኸት አብሮ ይሄዳል። ያኔ በባትሪ የምትሠራዋን ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ጨለማ ውስጥ ቀጫጭን ድምፆችን እፈልጋለሁ። ዲት፣ ዳ፣ ዲት። የሆነ አገር ያለ ሰው በአንዲት ቁልፍ ሌላ ሰው ይጣራል።

የማደርገው ቀላል ነው፤ የሰማሁትን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ለአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «በዚህ ዘመን ሞርስ ምን ይሠራልሃል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ሞርስን የፈቃድ መሰናክል ማድረግ ትክክል አይደለም። ሁለተኛ፣ ሞርስን ማንም ሳያስገድደው በገዛ ፈቃዱ ሊማር የሚገባው የኛ አገር ወጣት ነው። ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላሉ። አይጋጩም። እስቲ ላስረዳ።

አማተር ሬዲዮ ማለት የግል ሰው ተፈትኖ፣ ከመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት ተሰጥቶት፣ ለንግድ ሳይሆን ለመማርና ለመገናኘት በሬዲዮ የሚያስተላልፍበት አገልግሎት ነው። የሚጠቀምባቸው ሞገዶች በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የተመደቡ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ700 ሺህ በላይ ባለ ፈቃዶች አሉ። እኛ ጋ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አለ። የማኅበሩ ጣቢያ አምስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ነው፤ የጥሪ ምልክቱም ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ይባላል። ይህ ጣቢያ አየር ላይ ሲወጣ የውጭ አማተሮች ይሻሙበታል። የሚሻሙት ከኢትዮጵያ የሚሰማ አማተር ብርቅ ስለሆነ ነው። ብርቅነት ለዋልያም አልበጀም፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገርማ ጭራሽ የሚያኮራ አይደለም።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ሞርስ ያለው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ አጭርና ረጅም። ረጅሙ የአጭሩን 3 እጥፍ ይቆያል። በፊደልና በፊደል መካከል የ3 አጭር ድምፅ ያህል ዝምታ አለ፣ በቃልና በቃል መካከል ደግሞ የ7። የሚጠናው 26 የላቲን ፊደል፣ 10 አኃዝና ጥቂት ሥርዓተ ነጥብ ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ የአንድ ሳምንት ሥራ ይመስላል። እኔም መስሎኝ ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነጥብና ሰረዙን ሸመደድኩት። በሁለት ሳምንት ሁሉንም አወቅሁ። ከዚያ ሬዲዮውን ስከፍት አንዲት ቃል መያዝ አቃተኝ። የመጀመሪያውን ፊደል ነጥቦች ስቆጥር ሌሎች ሦስት አራት ፊደሎች ያልፉኛል።

ከዚህ ያወጡኝ በወጣትነታቸው በሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል ያገለገሉ አንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ ናቸው።

«ጋሼ፣ እየቆጠርኩ አልደርስ አለኝ» አልኳቸው።

ሳቁ። «ቆጠራውን ተወዋ ልጄ! አንተ ገና ፊደል ቆጠራ ላይ ነህ፤ ንባብ አልገባህም» አሉኝና በጣታቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉት። ሰባት ፊደል ያላት ቃል ነበረች። እኔ ሁለቱን ያዝኩ።

ነገሩ የገለጠልኝ የቄስ ትምህርት ቤቱን ሳስታውስ ነው። እዚያ ልጅ በፊደል ቆጠራ ይጀምራል። ቀጥሎ ግእዝ በሚባለው ደረጃ እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ እየጠራ ያነባል። ከዚያ ውርድ ንባብ ይመጣል፤ ፊደሎቹ በዜማ ይያያዛሉ። መጨረሻ ላይ ቁም ንባብ ነው፤ ዓይን ቃሉን በሙሉ ያያል፣ አፍ ይከተላል። ማንም ቁም ንባብ የደረሰ ሰው «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለ አይቆጥርም። ሞርስም እንዲሁ ነው። ነጥብ የሚቆጥር ሰው ዕድሜ ልኩን ግእዝ ላይ ይቀራል። የፊደሉን ዜማ በጆሮው የያዘ ግን ወደ ንባብ ይሻገራል።

ይህን በሳይንስ መንገድ ያሳየ ሉድቪግ ኮኽ የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሰው ነበር፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ.። ዘዴው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሰንጠረዥ የለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሙሉ ፍጥነት ሁለት ፊደል ብቻ ትሰማለህ። ከመቶ ዘጠናውን በትክክል ስትጽፍ ሦስተኛው ይጨመራል፤ ቀጥሎ አራተኛው። ፍጥነቱ ገና ከጅምሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ለመቆጠር ጊዜ አይሰጥም፤ ጆሮ ሳይወድ በግዱ ዜማውን ይይዛል። ሰንጠረዤን ከግድግዳው ቀድጄ በዚህ መንገድ እንደገና ጀመርኩ። በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ የለም። የስልክ መተግበሪያዎቹ በነፃ ይገኛሉ።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ አንድ ጥቅም አለው። «ገና» ብዬ ብጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚለው፣ ጽሑፉ አይነግራችሁም። የሚለየው ጆሮ ነው፤ አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል። በቆይታ ርዝመት ትርጉም መለየት ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነገር ነው። ሞርስ የሚጠይቀው ይህንኑ ጆሮ ነው። ምሳሌ ልስጥ። አንድ አጭር ድምፅ ኢ ነው፤ አንድ ረጅም ድምፅ ደግሞ ቲ። በመካከላቸው ተገቢው ዝምታ ካለ ኢ ቲ ይሆናል። ዝምታው ካጠረ ሁለቱ ተጣብቀው ኤ ይሆናሉ። ዝምታውም የመልእክቱ አካል ነው ማለት ነው።

ኢ ቲ ደግሞ በዓለም አቀፍ ድልድል ለኢትዮጵያ ከተሰጡት የጥሪ መነሻዎች አንዱ ነው። የሞርስ ሠሪዎች በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ለሚመጡት ፊደሎች አጫጭሩን ምልክት ሰጡ። በዚህ ምክንያት የአገራችን መነሻ ከሞርስ ፊደሎች ሁሉ ሁለቱን አጫጭሮች አገኘ። ዲት። ዳ። ለመላክ ከዚህ የቀለለ የአገር ስም ማግኘት ይከብዳል።

ይህን ያህል ካሞገስኩት ለምን ፈተናው ይቅር እላለሁ?

ለረጅም ጊዜ የዓለም አቀፉ ደንብ ከ30 ሜጋኸርዝ በታች በሆኑት ሞገዶች ማስተላለፍ የሚፈልግ አማተር ሁሉ ሞርስ እንዲችል ያስገድድ ነበር። አህጉር የሚያቋርጡት ሞገዶች ደግሞ እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ሞርስ ያልቻለ ሰው ሩቅ አገር የማነጋገሩ በር ተዘግቶበት ነበር። በአሜሪካ ከፍተኛውን ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በደቂቃ 20 ቃል መቀበል ነበረበት። በ2003 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ የተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ግዴታውን አንሥቶ ውሳኔውን ለየአገሩ ተወው። አሜሪካ በ2007 እ.ኤ.አ. ፈጽማ አስቀረችው። መርከቦችም ሞርስን ትተው ወደ ሳተላይት ሥርዓት የተሻገሩት ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነበር።

የድሮዎቹ አማተሮች «ሰነፍ ይገባል» ብለው ተቆጡ። እኔ ግን ውሳኔው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ከቤቴ ወረድ ብሎ ቃሊቲ ለመንጃ ፈቃድ የሚለማመዱ ሰዎችን በየቀኑ አያለሁ። የትራፊክ ሕጉን ይጠየቃሉ፣ መኪናውን ሲያቆሙ ይታያሉ። ጋሪ መንዳት ትችላለህ ወይ ተብሎ የሚጠየቅ ግን የለም። ፈተና መለካት ያለበት ሰው ሌላውን እንዳይጎዳ የሚያደርገውን እውቀት ነው። ለሬዲዮ ያ እውቀት ምንድን ነው? ኤሌክትሪክ እንዳይገድለው፣ አንቴናው የኤሌክትሪክ መስመር ላይ እንዳይወድቅ፣ የአውሮፕላኑን ወይም የፖሊሱን ሞገድ እንዳይረብሽ፣ የተፈቀደለትን ክልል እንዲያውቅ። ሞርስ አለመቻል ማንንም አይጎዳም። ጆሮው ደካማ የሆነን፣ ቀን ሙሉ ሠርቶ የሚያጠናበት ሰዓት ያጣን፣ ልጅ አዝላ የምትማርን ሰው ግን ከበሩ ይመልሳል። ስለዚህ እኛም አገር ሕግ ሲጻፍና ሲሻሻል ሞርስ ግዴታ አይሁን እላለሁ።

እዚህ ላይ ያለሁበትን ሰፈር ታሪክ ላንሣ፤ ለሁለተኛው መልሴ መሠረቱ እሱ ነው።

ከቃሊቲ ቀላል ባቡር ይዛችሁ ወደ መሀል ከተማ ስትሄዱ ሳሪስን አልፋችሁ ንፋስ ስልክ ትደርሳላችሁ። ስሙን በየቀኑ እንጠራዋለን፤ ስንቶቻችን አስበንበታል? ንፋስ ስልክ ማለት ሽቦ የሌለው፣ በአየር የሚሄድ ስልክ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እዚያ ከተተከለው የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ቀጥሎ ዋናው ጣቢያ አቃቂ ላይ ተሠራና በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ። የሠራው አንሳልዶ የሚባል የጣልያን ኩባንያ ነበር። ከምረቃው ዓመት ሳይሞላ ጣልያን ወረረን። በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴ ለአሜሪካ ሕዝብ በሬዲዮ የተናገሩት በዚሁ ጣቢያ ነው፤ የውጭ ጋዜጠኞችም ወሬያቸውን ወደየአገራቸው በዚሁ በኩል ይልኩ ነበር። የዚያን ዘመን የሬዲዮ ቴሌግራም ቋንቋ ሞርስ ነበር። እኔ ዛሬ መብራት ሲጠፋ የማዳምጠው ዲትና ዳ በዚህ ሜዳ ላይ የአንድ አገር አቤቱታ ወደ ዓለም ተሸክሟል።

የዚያ ታሪክ መራራ ገጽም አለው። በጦርነቱ ጊዜ ጣልያኖች የጦራችንን የሬዲዮ መልእክቶች ይጠልፉ ነበር። ማርሻል ባዶሊዮ ስለ ዘመቻው በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ራሱ የተጠለፈ መልእክት አስፍሯል። ጣቢያውን የሠራው ጠላት፣ መልእክቱንም የሚሰማው ጠላት። በኛ በኩል የሬዲዮን ነገር የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። ጦርነቱን የተሸነፍነው በዚህ ብቻ ነው አልልም፤ አውሮፕላኑና የመርዝ ጋዙ የታወቀ ነው። ግን እውቀት በጥቂት እጅ ሲቀር አገር ጆሮዋ በሌላ እጅ እንደሚወድቅ አቃቂ ምስክር ናት።

ታዲያ ለምን ሞርስ? ለምን ሌላ ዘመናዊ ነገር አይሆንም?

ቀላሉ መልስ ገንዘብ ነው። ከውጭ የሚመጣ በድምፅ የሚሠራ ዘመናዊ የአማተር ሬዲዮ ዋጋው እዚህ ሰፈር ላለ የቴክኒክ ተማሪ የማይታሰብ ነው። የሞርስ ማስተላለፊያ ግን በጥቂት ትራንዚስተር፣ በአንድ ክሪስታልና በእጅ በተጠመጠመ ጥቅል ሽቦ ይሠራል። የዕቃውን አብዛኛውን ክፍል ምናለሽ ተራ ከተበተነ አሮጌ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ውስጥ ታገኙታላችሁ። አንቴናው በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል የተወጠረ ሽቦ ነው።

ሁለተኛው መልስ ጉልበት ነው። የሰው ንግግር በሬዲዮ ሲላክ 2,500 ኸርዝ ገደማ ስፋት ይይዛል፤ ሞርስ 150 ገደማ ይበቃዋል። ያለው ኃይል በጠባብ ቦታ ላይ ስለሚከማች ሩቅ ይሰማል። በዚያ ላይ ሰሚው የሚለየው ድምፅ አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ስለሆነ ንግግር በማይለይበት ጫጫታ ውስጥ ሞርስ ይለያል። 5 ዋት፣ ማለትም የአንዲት ትንሽ የስልክ ቻርጀር ያህል ኃይል፣ የላይኛው አየር ሁኔታ ሲመች ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ይሻገራል። ለዚህ ደግሞ የሞተር ሳይክል ባትሪና አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳ ይበቃሉ። ስለዚህ ሞርስ የድሃ ሰው ሬዲዮ ነው እላለሁ። ሀብታም አገር ውስጥ ለትዝታ ይማሩት ይሆናል፤ እኛ የምንማረው ስለሚያዋጣን ነው።

ሦስተኛው መልስ ክፉ ቀን ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ የአዋሽ ፈንታሌ መሬት ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ እዚህም ደርሶ ሌሊት ከአልጋ ያወጣን ጊዜ ነበር። በአፋርና በኦሮሚያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። በዚያች ሌሊት እኛ ቤት ሁሉም ስልኩን አነሣ። የስልክ ምሰሶ ቢወድቅ፣ መብራቱ ለቀናት ቢጠፋ፣ አማራጩ ምን ነበር? በ2004 እ.ኤ.አ. ሱናሚው የአንዳማን ደሴቶችን ሲመታ ለሌላ ጉዳይ ፖርት ብሌር የነበሩ የሕንድ አማተሮች የደኅንነት መልእክት አስተላልፈዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ፖርቶ ሪኮ በማሪያ አውሎ ነፋስ ስትመታ የአሜሪካ ቀይ መስቀል 50 አማተሮች እንዲላኩለት ጠይቋል። እነዚህ ሰዎች በአደጋው ቀን አልተፈጠሩም። ለዓመታት ማታ ማታ ሲለማመዱ የቆዩ ናቸው።

አሁን የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፦ «በዚህ የጸጥታ ሁኔታ ለግል ሰው ማስተላለፊያ ይሰጣል ወይ?» ተቃውሞውን አልንቀውም። ግን ሦስት ነገር ይታሰብ። አንድ፣ አማተር በስሙ የተመዘገበ የጥሪ ምልክት አለው፤ ሲያስተላልፍ በየጊዜው ይናገረዋል። ሁለት፣ ዓለም አቀፉ ደንብ የአማተሮች የእርስ በርስ መልእክት ትርጉሙን ለመደበቅ እንዳይመሰጠር ይከለክላል፤ ማንም ሊሰማው ይችላል። ሞርስ ምስጢር የሚመስለው ለማያውቀው ብቻ ነው። ሦስት፣ ክፉ ያሰበ ሰው ፈተና ወስዶ፣ አድራሻውን አስመዝግቦ፣ ስሙን እየጠራ አይናገርም።

የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ትግራይ ከስልክና ከኢንተርኔት ተቆርጣ ቤተሰብ የቤተሰቡን ሞት ሳይሰማ ወራት አለፉ። በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ሰው ምን ያህል እንደተቸገረ እናውቃለን። በእንዲህ ያለ ጊዜ አማተር ሬዲዮ ይፈቀድ ነበር ብዬ አላታልላችሁም። መንግሥት አንዱን ሲዘጋ ሌላውን ክፍት አይተውም። እኔ የምለው ከዚህ የቀደመ ነው። ዜጋውን በአንዲት ትንሽ ማስተላለፊያ የማያምን አገር፣ ዜጋውም መልሶ አያምነውም። መተማመን የሚጀመረው ደግሞ በሰላሙ ቀን፣ ስም ባለው ፈቃድና ግልጽ በሆነ ፈተና ነው።

ሥልጣኑ ያለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዘንድ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የሬዲዮ ሞገድን የማስተዳደር ኃላፊነት ተሰጥቶታል። ጥያቄዬ ከባድ አይደለም። ፈተናው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ይዘጋጅ። የጥያቄ ባንኩና ቀኑ አስቀድሞ ይታወቅ። በእጅ የተሠራ አነስተኛ ማስተላለፊያ እንዴት እንደሚመዘገብ በአንድ ገጽ ይጻፍ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ክበብ ይክፈቱ፤ አምስት ኪሎ ያለው ልምድ ወደ አቃቂ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ሠመራ ይውረድ። ሞርስ ለሚፈልግ በተጨማሪነት ይፈተን፤ ያለፈ የምስክር ወረቀት ይሰጠው። የወደቀ ግን ፈቃዱን አይከልከል።

ለወጣቱ ደግሞ የምለው አለኝ። ለማስተላለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ እንዳትሞክሩት። ጆሮን ለማሠልጠን ግን ስልክና ማዳመጫ ይበቃል። ሰንጠረዥ አትለጥፉ። ነጥብ አትቁጠሩ። ያመለጣችሁን ፊደል ተዉት፤ ላለፈው ስታዝኑ የሚመጣው ያመልጣችኋል። እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ወር ከተማርኩ በኋላ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ ከጫጫታው ውስጥ አንድ የጥሪ ምልክት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳልቆጥር ጻፍኩ። ስድስት ምልክት ብቻ ነበረች። ጠዋት ለጋሼ ደብተሬን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «አሁን ንባብ ጀመርክ» አሉኝ።

ቀጥሎ የሚቀረኝ ፈተናውና ፈቃዱ ነው። ያን ቀን መጀመሪያ የምልከውን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። አንድ አጭር፣ ትንሽ ዝምታ፣ አንድ ረጅም። የተቀረው የጥሪ ምልክቴ ከዚያ በኋላ ይመጣል።